ከነስፌቴ ሊፍት ውስጥ የቀረሁ ዕለት

ሊፍት ከተሳፈርኩ ዓመት አልፎኛል። ባንክ ይሁን ክሊኒክ፣ አምስተኛ ፎቅም ይሁን አሥረኛ፣ በእግሬ ነው የምወጣው። የሚያውቁኝ ሰዎች "ቦርጭ ልታጠፊ ነው?" እያሉ ይቀልዱብኛል። እኔም "አዎ" ብዬ አልፋለሁ። እውነቱ ሌላ ነው። እስቲ ዛሬ ልዘርዝርላችሁና እኔንም ቀለል ይበለኝ።

ቦሌ ለሚ አካባቢ ባለ አንድ የቆዳ ጓንት ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። ሥራዬ ሌሎች የሰፉትን መጎተት ነው። ጓንቱን እቀበላለሁ፣ አውራ ጣቴን አስገብቼ ስፌቱን ወጠር አደርገዋለሁ፣ ከያዘ አሳልፋለሁ፣ ካልያዘ እመልሳለሁ። የስፌት መስመሩ ልጆች ሲያዩኝ "ጎታቿ መጣች" ይባባላሉ። እሰማቸዋለሁ፤ አልቀየማቸውም።

ባሌ ዳዊት ቦሌ ኤርፖርት ካርጎ ውስጥ ይሠራል። የምንኖረው ሲኤምሲ፣ አንድ አፓርታማ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ተከራይተን ነው። ከዚህ ታሪክ በፊት ሁለት ጊዜ አርግዤ ሁለቱም አምስተኛ ወር ላይ ወርደውብኛል። ምጥ የለ፣ ይሄ ነው የሚባል ሕመም የለ፣ ዝም ብለው ሾልከው ሄዱ። ሁለተኛው ሲወርድ ፋብሪካው ሽንት ቤት ውስጥ ነበርኩ። ስለሱ ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ አልችልም።

ሦስተኛውን ሳረግዝ ሰው ጠቁሞኝ አንዲት ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ምን እንደምሠራ ጠየቀችኝ። ቆዳ ስላት ፊቷ በራ።

"እንግዲያው ላንቺ ማስረዳት ቀላል ነው" አለች። "የማህፀን በር ጡንቻ ብቻ እንዳይመስልሽ። አብዛኛው ጥቅጥቅ ብሎ እንደ ቃጫ የተጠላለፈ ክር ነው። ቆዳችሁን ጠንካራ የሚያደርገው ኮላጅን አለ አይደል? እሱው ነው። እርግዝናው ሲገፋ ክሮቹ ይላላሉ፣ ውሃ ይይዛሉ፣ ይለሰልሳሉ። በመውለጃሽ ቀን ያ ድርቅ ያለ ነገር እንደ ከንፈር ለስልሶ ይከፈታል። የሁሉም ሴት እንዲህ ነው። ያንቺ ግን ይቸኩላል። መጨረሻ ላይ መሆን ያለበት መሀል ላይ ይሆንብሻል፤ ልጁ ከበድ ሲል መሸከም ያቅተዋል።"

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። እኛም ዘንድ አንዳንዴ ከልክ በላይ የለሰለሰ ቆዳ ይመጣል። ሲዳስሱት ሐር ነው፤ ወጠር ሲያደርጉት ግን መርፌ የገባበት ሁሉ እየሰፋ ይሄዳል።

"ታዲያ ምን ይደረጋል?" አልኳት።

"እንሰፋዋለን" አለችኝ።

ሳቅኩ፤ ከዚያ አለቀስኩ። በሦስተኛው ወር መጨረሻ የማህፀኔ በር ዙሪያውን በክር ተሰፍቶ እንደ ከረጢት አፍ ተቋጠረ። ስወጣ ሐኪሟ እጄን ይዛ አንድ ነገር ደጋግማ ነገረችኝ። "ክሩን ምጥ ሳይመጣ እኔ አወጣዋለሁ። ምጥ ከቀደመኝ ግን የያዝሽውን ጥለሽ ትመጫለሽ። ክሩ እንዳለ ምጥ ከገፋ በሩን ይቀደዋል። ለማህፀንሽም ለልጁም አይበጅም።"

ቤት ስንገባ ዳዊት "ለእናቴ እንዳትነግሪያት" አለኝ። እናቱ አደይ ለተብርሃን መቀሌ ነው የሚኖሩት። ሁለተኛው ልጅ የወረደ ጊዜ በስልክ "ማህፀኗ አይዝም ይሆናል" ብለውት፣ ድምፁ ክፍት ስለነበር እኔም ሰምቻለሁ። "ከሰማች ቤተ ዘመዱ ሁሉ ይሰማል። ዕድሜሽን ሙሉ 'የተሰፋችው' ሲሉሽ ሊኖሩ ነው" አለ ዳዊት። ለእኔ አስቦ ነው። ደግሞም እኛ ሰዎች እርግዝናውን ራሱን እስኪገፋ የምንደብቅ ነን፤ ዓይን አለ፣ አፍ አለ። ስፌትማ እንዴት ይወራል? ተስማማን።

ወራቱ እንደ እስር አለፉ። ከሥራ ፈቃድ ወስጄ፣ ብዙውን ጊዜ ተጋድሜ፣ በመስኮት ፊት ለፊታችን የሚሠራውን ሕንጻ ሳይ እውላለሁ። የቀን ሠራተኞቹ ወለል በወለል ላይ እየደረቡ አጠገቤ ደረሱ፤ እኔ ግን ከአልጋዬ አልተነቃነቅኩም። በሳል ቁጥር እሳቀቃለሁ። በሳቅኩ ቁጥር ደግሞ ክሩ የተበጠሰ ይመስለኛል። ዘጠነኛው ወር ሲገባ አደይ ሊያርሱኝ ከመቀሌ መጡ። እናቴ በሕይወት ስለሌለች ሌላ የሚያርሰኝ አልነበረም።

ክሩ ሊወጣ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው ነገሩ የሆነው።

ጠዋት ከመኝታዬ ስነሣ ወገቤን ያዝ አደረገኝ። ሐኪሟ የውሸት ምጥ እንደሚኖር ነግራኝ ስለነበር ብዙም አልደነገጥኩም። አደይ ግን ዓይናቸው አያመልጠውም።

"ጓለይ፣ ልጄ፣ ወገብሽን ነው?"

"ትንሽ ነው አደይ። ይለቀኛል።"

ደስታቸውን አልደበቁም። እመቤቴ ማርያም እያሉ ወጥ ቤት ገብተው ተልባ አፈሉ። "ጠጪ፣ ያሟልጫል" አሉኝ። ጠጣሁ። "በይ ተነሺ፣ ተንቀሳቀሺ" ብለው ኮሪደሩ ላይ አመላለሱኝ። በሳቸው አገር ምጥ የያዛት ሴት ባለችበት ቤት የታሰረ ነገር አይቀመጥም አሉና የራሳቸውን መቀነት ፈቱ፣ ጸጉሬን ፈቱልኝ፣ ቁም ሳጥኑን ከፋፈቱ፣ የከሰል ማዳበሪያውን አፍ ሳይቀር ፈቱት። እኔ መሀል ቆሜ አያቸዋለሁ። ሴትየዋ እኔን ለማስከፈት ያልፈቱት ነገር የለም፤ ሐኪሟ ደግሞ ጥርቅም አድርጋ ዘግታኛለች። ልናገር ብዬ አፌን ከፈትኩ፤ "ማህፀኗ አይዝም" ያሉት ድምፅ ትዝ አለኝና ዝም አልኩ።

ሆዴ ደንደን ይልና ይለቃል፤ ደግሞ ደንደን ይላል። እያጠረ መጣ። ሽንት ቤት ገብቼ ለሐኪሟ ደወልኩ።

"አሁኑኑ ነይ" አለች። "እንዳትገፊ። እየሰማሽኝ ነው? እንዳትገፊ።"

ለዳዊት ደውዬ በቀጥታ ሆስፒታል እንዲመጣ ነገርኩት። ታክሲ ጠራሁ። አደይ በአንድ እጃቸው የሕፃን ልብስ ሻንጣውን፣ በሌላው የተልባውን ፔርሙስ ይዘው ተከተሉኝ። ሊፍቱ ውስጥ ገብተን ቁልፉን ተጫንኩ። ሰባተኛን አለፍን፣ ስድስተኛን አለፍን። ከዚያ እግሬ ሥር ያለው ወለል ነጠር አለና ቆመ። ጨለመ።

መብራት ሄደ።

"ምንድነው?" አሉ አደይ።

"መብራት ነው። ጀነሬተሩ አሁን ይነሣል" አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ።

ጀነሬተሩ አልተነሣም። የስልኬን መብራት አበራሁ። የአደጋ ደወሉን ተጫንኩ፤ አይሠራም። ሁለታችንም በሩን እየደበደብን ጮህን። ከብዙ ጩኸት በኋላ ከላያችን የጥበቃው የጋሽ ቶሎሳ ድምፅ ተሰማ። ጋሽ ቶሎሳ የዚሁ አካባቢ ሰው ናቸው፤ ሕንጻው ያረፈበት መሬት የአባታቸው ማሳ ነበር ይባላል።

"ማን ነው ውስጥ?"

"እኔ ነኝ ጋሽ ቶሎሳ! ከስምንተኛ! ምጥ ይዞኛል! ጀነሬተሩን ያስነሡት!"

"ቁልፉ እኮ የለኝም ልጄ! ኮሚቴው ጋ ነው!"

ለካስ እሱም አለ። ከወራት በፊት ከጀነሬተሩ ናፍጣ እየተቀዳ ሲጠፋ፣ የነዋሪዎች ኮሚቴ ስብሰባ ጠርቶ የጀነሬተሩም የሊፍቱ በርም ቁልፍ በሊቀመንበሩ እጅ ብቻ እንዲቀመጥ ወሰነ። ያን ቀን እኔም እጄን አውጥቼ ደግፌያለሁ። ሊቀመንበሩ ያሉበት ተጠየቀ፤ ለቅሶ ሄደዋል። ስልካቸው ተደወለ፤ ዝግ ነው። ጨዋ ሰው ናቸው፣ ለቅሶ ላይ ስልካቸውን ያጠፋሉ።

ስልኬ ጠራ። የታክሲው ሹፌር ነው።

"እህት፣ በር ላይ ነኝ። ትወጫለሽ ወይስ ልሂድ?"

"እኔስ መቼ መውጣት ጠላሁ ወንድሜ? ሊፍት ውስጥ ተቀርቅሬያለሁ። ምጥ ነው። እባክህ እንዳትሄድ" አልኩት። "አልሄድም" አለኝ። ዳዊት ደግሞ መገናኛ ላይ መንገድ ተዘግቶበት መኪና ውስጥ ተቀምጦ ይጮሃል። የእሱ ጩኸት ምንም ስላልረዳኝ ዘጋሁበት።

ሊፍቱ ሁለት ሰው ቁጭ ቢል እግር የማያስዘረጋ ነው። አየሩ ሞቀ። ምጡ ሲመጣ የብረቱን ግድግዳ እቧጥጣለሁ፤ ግድግዳው ላይ ምንም የሚያዝ ነገር የለም። ከሥራዬ የማውቀው ነገር አእምሮዬን አልለቅ አለኝ። ለስላሳ ቆዳ ላይ ያለ ክር ሲወጠር አይበጠስም። ቆዳውን እየበላ ነው የሚሄደው። አሁን ውስጤ እየበላኝ ነው፣ እዚህች ሣጥን ውስጥ ተዘግቼ ሳላየው እየቀደደኝ ነው፤ ልጄም እኔም እዚሁ ልናልቅ ነው እያልኩ በደረቁ ማልቀስ ጀመርኩ።

አደይ ነጠላቸውን ወለሉ ላይ አነጠፉ። "አይዞሽ ጓለይ። ሊፍትም ቢሆን ማርያም አትጠፋም። ስንቱን በዚህ እጄ ተቀብያለሁ። በይ ቁጢጥ በይ፣ አንገቴን ያዢ። ሲመጣ ግፊ።" ፔርሙሱን ከፍተው አፌ ላይ ደቀኑ። "አንድ ጊዜ ጎንጨት በይና ግፊ!"

ምጡም መጣ። ሰውነቴ በራሱ ሊገፋ ፈለገ። ጥርሴን ነክሼ ፔርሙሱን በእጄ ገፋሁት።

"አልችልም አደይ።"

"ትችያለሽ! ሴት አይደለሽም?"

"ተሰፍቻለሁ!"

ፔርሙሱን ዝቅ አደረጉት።

"ምንሽን?"

"የማህፀኔን በር። ልጁ እንዳይወርድ ሐኪሜ በክር ሰፍታዋለች። ክሩ አሁንም አለ። ከገፋሁ ይቀደዳል።"

"ዳዊት ያውቃል?"

"ያውቃል።"

የስልኩ መብራት ሻንጣው ላይ ነበር፤ ፊታቸውን በደንብ አላየሁትም። ድምፃቸው ግን ከፍ አለ። "ከጠዋት ጀምሬ ተልባ ሳጠጣሽ ዝም ትይኛለሽ? ኮሪደር ለኮሪደር ሳንከራትትሽ ዝም? በገዛ እጄ ልገድልሽ ነበር እኮ!"

"እርስዎ ነዎት 'ማህፀኗ አይዝም' ያሉት!" አልኩ። ባለጌ ሆንኩ፤ ምጥና ፍርሃት ሲገናኙ ጨዋነት የት ይገኛል? "በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እንዴት ብዬ ልንገርዎ?"

"ብያለሁ" አሉ። "የባለቤቴ እናት ለእኔ ያሉትን ነው ያልኩት። ከዳዊት በፊት ሦስት ወረዱብኝ። አንዱ ውሃ ስቀዳ፣ አንዱ ማሳ ላይ፣ አንዱ ተኝቼ። እንዳንቺ ነው፣ ያለ ምጥ። ማህፀኗ አይዝም ተባልኩ፤ እኔም አመንኩ። በክር የሚቆም ነገር መሆኑን ማን ነገረኝ?"

እጃቸውን ፈልጌ ያዝኩት። ከዚያ በኋላ የሆኑት ሴት ሌላ ሴት ናቸው። ፔርሙሱን ወደ ጥግ ወረወሩት። በግራ ጎኔ አስተኙኝ፣ የሕፃኑን ሻንጣ ከዳሌዬ ሥር ሸጎጡ፣ ጭንቅላቴን ዝቅ አደረጉት። ጉልበቶቼን ገጥመው በሁለት እጃቸው ያዙ።

"ሲመጣ እንዳትገፊ። ትኩስ ሾርባ እንደምታቀዘቅዢ እፍ በይ። እፍ፣ እፍ። እኔም አብሬሽ።"

ሁለታችን ጨለማ ውስጥ እፍ እፍ ስንል የሰማ ሰው ያበድን ይመስለው ነበር። አደይ በመሀሉ ወደ ላይ ይጮሃሉ። "ሰውዬ! በሩን ስበሩት!"

"እማማ፣ በሩ እንዲሁ አይሰበርም!" አሉ ጋሽ ቶሎሳ ከላይ። "ኮሚቴው ካልፈቀደ በእኔ ላይ ነው የሚመጣው!"

"እንግዲያው ኮሚቴው ይውለድላት!" አሉ አደይ በሙሉ ድምፃቸው።

ያ ነገር ሰውየውን ምን እንዳደረጋቸው አላውቅም። ሲሮጡ ደረጃው ላይ ሰማኋቸው። የተመለሱት ከፊት ለፊቱ ሕንጻ ሁለት የቀን ሠራተኞች ከነዲጂኗቸው ይዘው ነው። ብረት በብረት ላይ ሲንቋቋ ቆየ። በመጨረሻ ከላያችን ቀጭን የቀን ብርሃን ገባ፤ ቀጥሎ ሰፋ። ሊፍቱ በስድስተኛና በአምስተኛ መካከል ስለቆመ የስድስተኛው ወለል ደረቴ አካባቢ ነው። በዚያች ክፍተት መውጣት አለብኝ።

አንደኛው ሠራተኛ "መብራቱ ቢመጣስ?" አለ። መብራት ከመጣና ሊፍቱ ከተንቀሳቀሰ፣ ግማሽ አካሌ ውጭ ግማሹ ውስጥ ሆኖ ምን እንደሚገጥመኝ ለማንም መንገር አላስፈለገም። ጋሽ ቶሎሳ ዋናውን ማጥፊያ ሊዘጉ ወደ ምድር ቤት ወረዱ። እስኪመለሱ ሁለት ምጥ መጥቶ ሄደ። ሁለተኛው ላይ መግፋቴን እርግጠኛ ነኝ። ትንሽ። ማቆም አልቻልኩም። አንድ ነገር ውስጤ ሲላቀቅ ተሰማኝና ለአደይ አልነገርኳቸውም።

"ዘግቻለሁ!" የሚለው ድምፅ ከታች መጣ።

ሠራተኞቹ እጃቸውን ዘረጉ፤ ብይዛቸውም ሆዴን ይዤ ያን ያህል ከፍታ መውጣት አልቻልኩም። ያኔ አደይ በእጃቸውና በጉልበታቸው ወለሉ ላይ ተንበረከኩ።

"ጀርባዬ ላይ ውጪ።"

"አደይ፣ እንዴት ተደርጎ!"

"ይሄ ጀርባ ዕድሜውን ሙሉ እህል ሲሸከም ነው የኖረው። አሁን ደግሞ የልጅ ልጁን ይሸከም። ውጪ ብዬሻለሁ!"

የባሌን እናት ጀርባ ረግጬ ወጣሁ። ሰው አማቱ ፊት እግሩን እንኳ አያነባብርም፤ እኔ ከነእርግዝናዬ ጀርባቸው ላይ ቆምኩ። ከሥሬ ሲያቃስቱ ሰማሁ። ሠራተኞቹ በብብቴ ይዘው ወደ ላይ ሳቡኝ፤ ቀጥለው አደይን አወጧቸው።

ስድስት ፎቅ በፕላስቲክ ወንበር ተሸክመው አወረዱኝ። የታክሲው ሹፌር እንዳለው አልሄደም ነበር። መንገድ ላይ ምን እንዳለፍን አላስታውስም፤ አደይ ጉልበቴን ገጥመው እንደያዙ ብቻ አስታውሳለሁ። ሆስፒታል ስደርስ ሐኪሟ ጓንቷን አጥልቃ ነበር የጠበቀችኝ። ተመለከተች። ፊቷ ተለወጠ። መቀስ ጠየቀች። ጥቂት ከታገለች በኋላ "ወጣ" አለች፤ "አሁን ግፊ።"

በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ቃል ሰምቼ አላውቅም። ገፋሁ። ልጄ ብዙም አልቆየች፤ እየጮኸች መጣች።

ሐኪሟ ኋላ ላይ አሳየችኝ። ክሩ አልተበጠሰም። በአንድ ጎን ግን ሥጋዬን በልቶ ገብቷል፤ ልክ እንደፈራሁት። የተቀደደውን ሰፋችው። "ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ" ብላ ጀመረችና ልጄን አየት አድርጋ ሳትጨርሰው ተወችው።

ዳዊት ላብ በላብ ሆኖ ደረሰ። እናቱ ወገባቸውን ይዘው አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ነበር። ሊስማቸው ሲጎነበስ በእጃቸው ገታ አደረጉት። "ልጅህን እይና ና። ከዚያ አንተና እኔ እንነጋገራለን" አሉት። ተነጋገሩም። ምን እንዳሉት እስካሁን አልነገረኝም፤ ብቻ ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ እንደ እኔ ሁለትና ሦስት ጊዜ አርግዛችሁ ያለ ሕመም የወረደባችሁ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ማህፀናችሁ አልጠላችሁም፣ ማንም በዓይኑ አልበላችሁም። ሁላችንም ላይ የሚለሰልሰው ነገር እናንተ ላይ ቸኩሎ ሊሆን ይችላል፤ ሐኪም ይየው። ከተሰፋችሁ ደግሞ አብሯችሁ ለሚኖር ሰው ንገሩ። እኔን ሊፍቱ ብቻ አይደለም የዘጋብኝ። አጠገቤ የሚረዳኝ ሰው ነበር፤ ምን እንደሚረዳኝ ግን አያውቅም ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ሰውነቴ ስጠየቅ አላንሾካሹክም። ፋብሪካ ውስጥ እንኳ የመስመሩን ልጆች ሰብስቤ ነግሬያቸዋለሁ፤ አንዳንዶቹ አፍረው መሬት መሬት አዩ፣ አንዳንዶቹ ኋላ ለብቻዬ ፈለጉኝ።

ይህን ድፍረት ያስተማሩኝ አደይ ናቸው። ገንፎ በተገነፋ ዕለት ጎረቤቶች "እንኳን ማርያም ማረችሽ" እያሉ ቤቱን ሞሉት። አንዷ "እንዴት ነበር ምጡ?" ስትል እኔ እንደ ልማዳችን "ደህና ነበር" ልል ነው። አደይ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። "ተሰፍታ ነው የወለደችው" አሉ፤ ሎተሪ የወጣላት ይመስል በኩራት። "እኔ ሦስት ልጅ መሬት የበላብኝ የሚሰፋ መሆኑን ሳላውቅ ነው።" ወሬ ተለወጠ፣ ገንፎ ተበላ፣ እንግዳው ተበተነ።

ከሦስተኛ ፎቅ የመጣች አንዲት ሴት ግን አልተነሣችም። ካገባች ዓመታት ሆኗታል፤ ልጅ የላትም፣ ሰውም ስለሱ ብዙ ይላል። ሁሉም እስኪወጣ ጠብቃ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

"ስንተኛ ወር ላይ ነው የሚሰፉት?" አለችኝ በቀስታ።

ነገርኳት። እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ በጣቷ ቆጠረች። "ታዲያ ደርሻለሁ" አለችና እንባዋ መጣ። "ይሄ አራተኛዬ ነው። ማንም አያውቅም።"

የሐኪሟን ስልክ ልፈልግላት ስልኬን አነሣሁ። ሴትየዋ ወደ አደይ ዞረች።

"አደራዎን እማማ፣ ለአማቴ እንዳይነግሩብኝ።"

አደይ ወገባቸው ገና አልዳነም ነበር። ግድግዳውን ተደግፈው ተነሥተው መጡና አጠገቧ ተቀመጡ።

"አልነግርብሽም ጓለይ" አሏት። "አንቺ ትነግሪያታለሽ፤ እኔ አጠገብሽ እቀመጣለሁ።"